ዲስኩ «ፎርማት አልተደረገም» ሲባል

በእጄ የያዝኩት ፍሎፒ ዲስክ ነው። ዕድሜያችሁ ከአርባ በላይ የሆነ ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ በታች ያላችሁ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ «ሴቭ» ለማድረግ የምትጫኑትን ትንሽ ሥዕል አስታውሱ፤ ሥዕሉ የዚህ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ላስገባው። ድራይቩ ያጉረመርማል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ያጉረመርማል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ዲስኩ ፎርማት እንዳልተደረገ የሚገልጽ መልእክት ይወጣል። ከሥሩ ጥያቄ አለ፤ አሁን ፎርማት ላድርገው? በኔ ግምት ይህች ጥያቄ ከእርጥበትም፣ ከአቧራም፣ ከልጆች እጅም የበለጠ ዲስክ አጥፍታለች። ሰው መልእክቱን ያምናል። ባዶ ነው ከተባለ ባዶ ነው ብሎ «አዎ» ይላል።

ይህ ዲስክ ባዶ አይደለም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ የመጣ የማኪንቶሽ ዲስክ ነው፤ ጽሑፎቹ ውስጡ አሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ኮምፒውተሩ ማለት የፈለገው «የማውቀውን ምልክት ፈልጌ አጣሁ» ነው። በዲስኩ ላይ ምን እንዳለ አንድም ቃል አልተናገረም። እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ የሚለውን ለመረዳት እስከ ዱቄቱ ድረስ መውረድ አለብን።

ጠንካራውን ልባስ ብትከፍቱት ውስጡ ስስ ክብ ፕላስቲክ ታገኛላችሁ፤ ፊቱ በብረት ኦክሳይድ ዱቄት የተቀባ ነው። የዱቄቱ ቅንጣቶች በማግኔት ኃይል ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው አቅጣጫ ይዞራሉ። ሄድ የምንለው ማንበቢያ ዲስኩን ነክቶ ይቀመጣል፤ ዲስኩ በደቂቃ 300 ጊዜ ይሽከረከራል፤ የማግኔቱ አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር ሄዱ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ይፈጠራል። ድራይቩ የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነው። እዚህ ተቀየረ፣ እዚህም ተቀየረ ይላል እንጂ ፊደል ይሁን ሥዕል፣ ደብዳቤ ይሁን የደመወዝ መዝገብ ደንታ የለውም።

ነገሩ ያለው በሁለት ቅያሬ መካከል በሚያልፈው ጊዜ ላይ ነው። በተለመደው የፒሲ 720 ኪሎባይት ዲስክ ላይ ይህ ጊዜ 4፣ 6 ወይም 8 ማይክሮሰከንድ ነው፤ ማለትም የሰከንድ አራት፣ ስድስት ወይም ስምንት ሚሊዮነኛ። የእነዚህ ሦስት ርዝመቶች ቅደም ተከተል ወደ ዜሮና አንድ ይተረጎማል። ኤምኤፍኤም የሚባለው አጻጻፍ ይህ ነው። ግን ዲስክ ክብ ነው፤ ሄዱ የትም ቦታ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ከየት ጀምሮ ማንበብ እንዳለበት በምን ያውቃል? ለዚህ ተብሎ በየሴክተሩ፣ ማለትም ትራክ የሚባለው ክብ መስመር በሚከፈልበት በየቁራጩ መግቢያ ላይ፣ በመደበኛው ጽሑፍ ውስጥ ፈጽሞ ሊገኝ የማይችል፣ ሆን ተብሎ ደንቡን የጣሰ ምልክት ይቀመጣል። የብራና ጸሐፊ አዲስ ክፍል ሲጀምር ብዕሩን ቀይ ቀለም ውስጥ እንደሚነክረው ነው፤ ዓይን ሳይቸገር ያገኘዋል። ከምልክቱ ቀጥሎ የትራኩ ቁጥር፣ የዲስኩ ፊት፣ የሴክተሩ ቁጥርና መጠኑ ይጻፋል። ከዚያ 512 ባይት ይዘት ይከተላል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ የተነበበው ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ሲአርሲ የሚባል ቁጥር።

ይህን ምልክት የሚፈልገው ድራይቩ ሳይሆን ኮንትሮለር የሚባለው ቺፕ ነው። በመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ላይ የተገጠመው የኤንኢሲ 765 ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡት የፒሲ ኮንትሮለሮች ጠባዩን ወርሰዋል። የአይቢኤምን ምልክት ካገኘ ያነባል፤ ካላገኘ የለም ይላል። ምልክቱ ተፍቆ ይሁን ዲስኩ በሌላ ስልት ተጽፎ ይሁን፣ መልሱ ያው አንድ ነው። እንግዲህ «ፎርማት አልተደረገም» የሚለው ፍርድ የአንድ ቺፕ ፍርድ ነው፤ ይግባኝ ይባልበታል።

ሁሉም ሰሪ አንድ ዓይነት ቢጽፍ ኖሮ እዚህ ባልተሰበሰብን ነበር። ነገሩ ሲጀመር ወደዚያ ያመራ ይመስል ነበር። አይቢኤም በ1971 ያወጣው ባለ 8 ኢንች ዲስክ 80 ኪሎባይት ያህል ብቻ የሚይዝ፣ ለትልልቆቹ ሲስተም 370 ማሽኖች ውስጣዊ ፕሮግራም መጫኛ የተሠራ ዕቃ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ 3740 ከተባለው መረጃ ማስገቢያ ጋር የመጣው ዲስክ 77 ትራክ፣ በየትራኩ 26 ሴክተር፣ በየሴክተሩ 128 ባይት ነበረው። ሌሎች ሰሪዎችም ይህን ስለተከተሉ ባለ 8 ኢንች ዲስክ ከአንዱ ኩባንያ ማሽን አውጥቶ በሌላው ማንበብ የተለመደ ሆነ።

በ1976 ሹጋርት አሶሲየትስ ባለ 5.25 ኢንቹን አነስተኛ ድራይቭ ሲያወጣ ግን ውስጡ ምን ዓይነት አጻጻፍ ይኑር ብሎ የደነገገ አልነበረም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲፒኤም በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩት ኦስቦርን፣ ካይፕሮና ሌሎችም ብዙ ማሽኖች አንድ ዓይነት ፕሮግራም ያስኬዱ ነበር፤ ዲስካቸው ግን አይግባባም። አንዱ ሴክተሩን 256 ባይት ያደርጋል፣ ሌላው 512፤ አንዱ የሴክተር ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል፣ ሌላው ከአንድ፤ አንዱ ማውጫውን ሦስተኛው ትራክ ላይ ያስቀምጣል፣ ሌላው ሁለተኛው ላይ። የአንዱን ዲስክ በሌላው ማሽን ለማንበብ ብቻ ተብሎ ፕሮግራም ይሸጥ ነበር። ሲደክስ የተባለው ኩባንያ ያወጣው 22ዲስክ እንደዚህ ያሉትን ቅርጾች በመቶዎች የሚቆጠሩ ያውቅ ነበር፤ አሁንም ሲፒኤም ሲገጥመን መጀመሪያ የምናስታውሰው እሱን ነው።

ከዚህም የራቁ አሉ። ስቲቭ ዎዝኒያክ በ1978 ለአፕል ቱ ኮምፒውተር የሠራው ዲስክ ቱ የተባለ ድራይቭ፣ ቺፕ ለመቆጠብ ሲባል የኮንትሮለሩን ሥራ አብዛኛውን ወደ ሶፍትዌር አዛወረው። አጻጻፉም ኤምኤፍኤም አይደለም፤ ጂሲአር የሚባል ሌላ ስልት ነው፤ 35 ትራክ፣ መጀመሪያ 13 በኋላ 16 ሴክተር። የኮሞዶር 1541 ድራይቭ ሆዱ ውስጥ የራሱ ፕሮሰሰር ነበረው፤ የውጩ ትራክ ከውስጠኛው ስለሚረዝም እዚያ 21 ሴክተር፣ መሐል አካባቢ 17 ያሰፍር ነበር። ቻክ ፔድል በ1982 ያወጣው ቪክተር 9000 ኮምፒውተር ደግሞ ሞተሩን ራሱን እንደ ትራኩ ቦታ እያፈጠነና እያዘገመ በአንድ ባለ 5.25 ኢንች ዲስክ ላይ 1.2 ሜጋባይት ይጽፍ ነበር፤ ያን ጊዜ የአይቢኤም ፒሲ ዲስክ ከ320 ኪሎባይት አይበልጥም። እነዚህን ሰዎች ለምን ደንብ አልጠበቃችሁም ብዬ አልወቅሳቸውም። ዲስክ ውድ ነበር፤ እያንዳንዷ ኪሎባይት ገንዘብ ነበረች።

ይህን በእጄ ካለው ዲስክ ጋር እናያይዘው። ባለ 3.5 ኢንች፣ ሁለት ፊት፣ 80 ትራክ ያለው ተራ ዲስክ ከአንድ ፓኬት አውጥታችሁ ለሦስት ማሽን ብትሰጡት፣ ፒሲው በየትራኩ 9 ሴክተር ጽፎ 720 ኪሎባይት ያደርገዋል። የኮሞዶሩ አሚጋ በሴክተሮቹ መካከል ባዶ ቦታ ሳይተው ትራኩን በአንድ ትንፋሽ ይጽፋል፤ ስለዚህ 11 ሴክተር ያሰፍርና 880 ይሆናል። ማኪንቶሹ 80ውን ትራክ በአምስት ቀበሌ ይከፍላል፤ በውጩ ቀበሌ 12 ሴክተር፣ ከዚያ 11፣ 10፣ 9፣ በመጨረሻ 8፤ ድምሩ 800 ኪሎባይት። የማኪንቶሹ ሞተር በውጩ ቀበሌ በደቂቃ 394 ዙር ያህል፣ በውስጠኛው 590 ያህል ይሽከረከራል፤ የፒሲው ድራይቭ ግን ከ300 አይወጣም። ይህ ሁሉ ልዩነት ከልባሱ ላይ ፈጽሞ አይታይም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ኮንትሮለሩን ከመንገድ እናስወግደዋለን። ድራይቩ «ተቀየረ» ባለ ቁጥር ሰዓቱን እየመዘገበ ሌላ ምንም ሳይጠይቅ ወደ ኮምፒውተር የሚልክ ትንሽ ሰሌዳ አለ፤ በዩኤስቢ ይገባል። የሶፍትዌር ፕሪዘርቬሽን ሶሳይቲ ክራዮፍለክስ አንዱ ነው። ኪር ፍሬዘር የነደፈው ግሪስዊዝል ደግሞ ንድፉም ፕሮግራሙም ለሁሉም ክፍት ነው፤ ዋጋውም የሚቀመስ ነው። በሰሌዳው ላይ ከድሮ ፒሲ የተነቀለ ተራ ድራይቭ ይገጠማል። እዚህ ላይ ገንዘባችሁን ላድንላችሁ፤ ገበያ ላይ ያለው ቀጭኑ የዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኮንትሮለሩ እዚያው ውስጡ ተዘግቶበታል፤ የሚያወጣላችሁም እሱ የገባውን ሴክተር ብቻ ነው።

ይህንኑ የማኪንቶሽ ዲስክ በሰሌዳው አልፈን ስናነበው ምን እንደሚታይ ልንገራችሁ። የቅያሬዎቹን ጊዜ በግራፍ ስናስቀምጥ እንደ ተራራ ሦስት ጫፎች ይወጣሉ፤ ግን 4፣ 6 እና 8 ላይ አይደሉም። ማኪንቶሹ ራሱ ቢያነበው 2 ማይክሮሰከንድ ያህል የሚሆነው መለኪያ፣ ፍጥነቱ በማይቀየረው በኛ ድራይቭ ላይ በውጩ ቀበሌ 2.6 ያህል ሆኖ ይታያል፤ ወደ መሐል በገባን ቁጥር እየተለጠጠ እስከ 3.9 ይደርሳል። ቀበሌ በተቀየረ ቁጥር ሦስቱ ጫፎች አብረው ይንሸራተታሉ። ይህን ያየ ሰው ዲስኩ የማን እንደሆነ አንድ ፊደል ሳያነብ ያውቃል። ሶፍትዌሩ መለጠጡን ያካክሳል፣ የአፕልን ምልክት ይፈልጋል፣ ሴክተሮቹ ይወጣሉ። ሞተሩን ማፍጠንም ማዘግየትም አላስፈለገንም፤ ጊዜው ተመዝግቦ ከተያዘ ሌላው ሒሳብ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል ከዚህ ይመነጫል። መጀመሪያ መቅዳት፤ መተርጎም በኋላ። ዲስኩ ምን ዓይነት እንደሆነ ባናውቅ እንኳ እያንዳንዱን ትራክ ጥቂት ዙር አንብበን እናስቀምጣለን። የሚወጣው ፋይል ከዲስኩ ይዘት ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ይሁን። ትርጉሙ ዛሬ ባይሳካ ከአምስት ዓመት በኋላ የተሻለ ፕሮግራም ይዞ የሚመጣ ሰው ዲስኩን ዳግመኛ መንካት አያስፈልገውም። አሮጌ ዲስክ ደግሞ በተነካ ቁጥር ይደክማል።

ከመቅዳት በፊት ግን ዓይን ይሠራል። ባለ 5.25ቱን በሄዱ መስኮት በኩል በጣት ቀስ አድርጎ እያዞሩ በመብራት ማየት ነው። ነጭ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፤ ሳይጸዳ ከገባ ሄዱን ያቆሽሻል፣ የቆሸሸው ሄድ ደግሞ ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክ ይፍቃል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለበት ካያችሁ ዱቄቱ ተገፎ አልቋል፤ ያንን ቀለበት ማንም አይመልሰውም። ሄዱን በአይሶፕሮፒል አልኮል መጥረግ ከእያንዳንዱ አጠራጣሪ ዲስክ በኋላ የሚደረግ ነው፤ ስንፍና አያዋጣም።

መጻፍን መከልከልም አለ፤ እዚህ ላይ ሰሪዎቹ ሰውን ለማሳሳት የተማከሩ ይመስላል። በባለ 3.5 ኢንቹ የጥጉ ቀዳዳ ክፍት ከሆነ አይጻፍበትም። በባለ 5.25 ጎኑ ላይ ያለው ቁርጥ ሲሸፈን ነው የማይጻፍበት። በባለ 8 ኢንቹ ተገልብጦ ቁርጡ ክፍት ሲሆን ይከለከላል። ከመሳቢያ ያወጣችሁትን ዲስክ የትም ከማስገባታችሁ በፊት ይህን አስተካክሉ። ያን ጊዜ «አዎ» የምትለዋን ቁልፍ የቤት ሠራተኛም ልጅም ቢጫናት ጉዳት የለውም።

የድራይቭ ምርጫም ሰውን ያሳስታል። የ360 ኪሎባይት ዲስክ በኢንች 48 ትራክ ይይዛል፤ የ1.2 ሜጋባይቱ ድራይቭ ሄድ ለ96 ትራክ የተሠራ ስለሆነ ጠባብ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች አዲሱን ድራይቭ ሲገዙ በአሮጌው ዲስክ ላይ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ በሰፊው አሮጌ ጽሑፍ መሐል ላይ ጠባብ አዲስ ጽሑፍ ይሰመራል። በሰፊው ሄድ ሲነበብ አዲሱና በጠርዝ የቀረው አሮጌው ተደባልቀው ይመጣሉ፤ ዲስኩ የተበላሸ ይመስላል። በጠባቡ ሄድ ከተነበበ ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ «ለአሮጌ ዲስክ አሮጌ ድራይቭ» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

በሕዝብ ዘንድ የታወቁ ጥቂት ሥራዎችን ላንሳ። የስታር ትሬክ ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ በ1991 ሲሞት ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ባለ 5.25 ኢንች ዲስኮች ትቶ ነበር። የተጻፉት ለእሱ ተብሎ በተገጣጠመ ማሽን ስለነበር የትኛውም የታወቀ ኮምፒውተር አልገባቸውም። ድራይቭሴቨርስ የተባለው ኩባንያ አጻጻፉን ከዲስኮቹ ራሳቸው አጥንቶ ማንበቢያ ሶፍትዌር መጻፍ ነበረበት፤ ሥራው በ2016 ይፋ ሆነ። የፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ ጌም ደራሲ ጆርዳን መክነርም ጠፋ ያለውን የፕሮግራሙን ምንጭ በ2012 አባቱ ካገኙት ሣጥን ውስጥ፣ በአፕል ቱ ዲስኮች ላይ አግኝቶታል።

ከሁሉ የሚመስጠኝ ግን የአንዲ ዋርሆል ነው። ሠዓሊው በ1985 ኮሞዶር ኩባንያ አዲሱን አሚጋ 1000 ሲያስተዋውቅ በኮምፒውተሩ ሥዕል ሠርቶ ነበር። ዲስኮቹ ፒትስበርግ ባለው ሙዚየሙ ተቀምጠው ኖሩ። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክበብ አባላት ከሠዓሊው ኮሪ አርካንጀል ጋር ሆነው በክራዮፍለክስ አነበቧቸው። ዲስኮቹ ተነበቡ፤ የፋይሎቹ ስም ወጣ፤ ከስሞቹ መካከል ታዋቂውን የካምቤል ሾርባ ቆርቆሮ የሚያስታውስ ነበር። ፋይሉን ግን የሚከፍት ፕሮግራም ጠፋ። ሥዕሎቹ የተሠሩት ለገበያ ሳይቀርብ በፊት በነበረ የግራፊክራፍት ፕሮግራም ቅጂ ነው፤ እሱ ያስቀመጠበትን ቅርጽ በኋላ የወጣ የአሚጋ ሶፍትዌር አንዱም አያውቀውም። ልጆቹ ባይቶቹን አንድ በአንድ መርምረው ቅርጹን ፈቱት፤ ሥዕሎቹ በ2014 ለሕዝብ ታዩ።

በኛም ቤት የሚገጥመው ከዚህኛው ጋር የሚቀራረብ ነው። ከአዲስ አበባም ሆነ ከዋሽንግተን መሳቢያ የሚወጣው የአማርኛ ጽሑፍ ዲስክ ብዙውን ጊዜ ተራ የፒሲ 1.44 ሜጋባይት ነው፤ ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ያለ ምንም ሰሌዳ ይነበባል። ፋይሉ ሲከፈት ግን የላቲን ፊደልና ነጠላ ሰረዝ የተደባለቀበት ዝባዝንኬ ይወጣል፤ ባለቤቱም ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። አልተበላሸም። ዩኒኮድ ፊደላችንን ያካተተው በ1999፣ በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት ብዙውን ጊዜ አንድ ፊደል በአንድ ባይት ይጻፍ ነበር፤ አንድ ባይት ደግሞ ከ256 ምርጫ በላይ የለውም። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት ብታባዙት 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው ይሞላል፤ ያውም ለእንግሊዝኛው ሳይተርፍ። ፓወር ግዕዝን፣ ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት ሁሉ ለዚህ የየራሳቸውን መላ መቱ፤ የአንዱ ኮድ ለሌላው አይገባም። ፊደሉን ለሁለት ፎንት ያከፋፈለም አለ። በዚያ አሠራር ያው አንድ ቁጥር በአንደኛው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ሌላ ፊደል ነው። ፋይሉ የወርድ ከሆነ የፎንቱ ስም አብሮ ስለተቀመጠ ይፈታል። ተራ ቴክስት ተደርጎ ከሆነ ግን የፎንቱ ስም ወድቋል፤ ያን ጊዜ አማርኛ የሚያነብ ሰው ቁጭ ብሎ ዓረፍተ ነገሩን በስሜቱ መፍረድ አለበት። ስለዚህ ከዲስኮቹ ጋር የፎንቱ መጫኛ ዲስክ ካለ ከሁሉ በፊት እሱን አምጡልኝ፤ መልእክት የሌለው ይመስላል እንጂ ቁልፉ እሱ ነው። የትኛው ማሽን፣ የትኛው ፕሮግራም ነበር የሚለውንም በወረቀት ጻፉልኝ፤ የጸሐፊዋ ትዝታ ሳይቀር ይጠቅማል።

አሁን ሁልጊዜ ወደምጠየቀው ልምጣ። «አዎ የምትለዋን ቀድሞውኑ ተጭኛለሁ፤ አበቃለት?» እንደ ዲስኩ ነው። የፒሲ ዲስክ ሆኖ የተደረገለት ፈጣኑ ፎርማት ከሆነ የተሰረዘው ማውጫው ነው፤ ይዘቱ አለ፤ ሌላ ነገር ሳትጽፉበት ቀዳዳውን ክፍት አድርጋችሁ አምጡት። ሙሉው ከሆነ በየሴክተሩ ላይ ተጽፎበታል፤ አብቅቶለታል። የማኪንቶሽ ወይም የአሚጋ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ፈጣኑን ማድረግ አይችልም። የሚያውቀው ሴክተር ስለሌለ ከውጩ ትራክ ጀምሮ ወደ መሐል በላዩ እየጻፈ ይሄዳል፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። ደንግጦ ያቋረጠ ሰው ካለ ሥራው የቆመው የደረሰበት ትራክ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው እንደነበረ ነው። ማኪንቶሽ ማውጫውን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አካባቢ ስለሚያስቀምጥ የፋይሎቹ ስም ይጠፋል፤ ጽሑፉን ግን ቁራጭ ቁራጩን እናወጣዋለን፤ የየትኛው ጽሑፍ እንደሆነ ባለቤቱ ይለየዋል። አሚጋ የማውጫውን ሥር የሚያስቀምጠው ዲስኩ እኩሌታ ላይ፣ ትራክ 40 ላይ ነው። ስለዚህ ከግማሽ በፊት የተቋረጠ የአሚጋ ዲስክ ስሞቹን እንኳ የያዘ ሊሆን ይችላል። ስንት በመቶ ላይ እንዳቋረጣችሁት የምታስታውሱ ካላችሁ ቁጥሩን ዲስኩ ላይ ሳይሆን ፖስታው ላይ ጻፉት። ቀጥሎ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።